ለሁለቱም ወገን ያለቀስኩ ዕለት

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

የጌታ ሰላም በወርቅ ጉድጓድም ሁን በድንኳን ካለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህን፣ እንቅልፍህን፣ ምግብህን፣ ሁሉንም በተራ ጠይቄሃለሁና በተራ መልስልኝ። ዲማ ሙቀቱ ራስ ያዞራል ይላሉ፤ እንደ እኛ በሚዛን አገር ዝናብ ያደገ ሰው እንዴት እንደሚችለው እንጃ። ወባውም ክፉ ነው አሉ። አጎበር ከሌለህ ከምንም በፊት አጎበር ፈልግ። ደግሞ አደራህን፣ ጉድጓድ ስትወርድ ከላይ የምታውቀው ሰው ይቁምልህ።

እኛ ደህና ነን። በደብዳቤ ሰው ሁሉ «ከናፍቆትህ በቀር» ይላል፤ እኔ እውነቱን ልንገርህና ናፍቆቱ ገና አልደረሰኝም። አማን ከተማ ጥርሴን ልነቀል የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሃል? መርፌውን ወግተውኝ ከንፈሬን ስነካው የሌላ ሰው ከንፈር መሰለኝ ብዬህ መንገዱን ሙሉ ስትስቅብኝ ነበር። አሁንም እንደዚያ ነኝ። አልጋህን አያለሁ፣ ቦት ጫማህን አያለሁ፣ ምንም አይለኝም። እበላለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ሲስቁ እስቃለሁ። ሰው ምን ሆነሻል ሲለኝ ምን እንደምመልስ ቸግሮኝ አስተማሪዎቹ ፈተና አብዝተውብን ነው እላለሁ።

ስልክህ ላይ ብንደውል ብንደውል አይጠራም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሸዋንግዛው ነው፤ ያው በአይሱዙው ጭኖህ የሄደው ሹፌር። የት እንዳወረደህ አውቃለሁ፣ ጠይቄ አገኘዋለሁ ብሎኛል። በቋንቋችን ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን በቤንችኛ ማውራት እንጂ መጻፍ እጄ አለመደምና ከሁለት መስመር አላለፍኩም። በአማርኛ ታገሠኝ።

እዚህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ትመለሳለህ ወይስ እዚያው ትቀራለህ? ገበያ ላይ ይጠይቁኛል፣ ጸሎት ቤት በር ላይ ይጠይቁኛል። አላውቅም እላለሁ። ከመወሰንህ በፊት ግን ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። የማውቀውን ሁሉ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ከእሁዱ ልጀምር። እሁዱን ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ከአንተና ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ በጽሑፍ ይኑር። በሚቀጥለው ቅዳሜ የክርክር ውድድር ነበረብኝ። አሞኛል ብዬ ከጸሎት ቤት ቀረሁ፤ አንተም ይህችን ውሸታም ማን ይጠብቃታል ብለህ ቀረህ። ሰፈሩ ሁሉ ወደ ጸሎት ወረደ። አንተ በርጩማዋን በረንዳው ላይ አውጥተህ ዳኛ ሆንክ፣ ስልክህን ሰዓት አደረግህ። እኔ እንሰቱን ታዳሚ አድርጌ ቆምኩ። ርእሱ «የአገር ሽምግልና ከፍርድ ቤት ይሻላል» የሚል ነበር። መጀመሪያ እየደገፍኩ፣ ቀጥዬ እየተቃወምኩ ተለማመድኩ። ስትደግፊ ጥሩ ነሽ፣ ስትቃወሚ ግን ታስፈሪያለሽ፣ የሚያገባሽ ሰው ወዮለት አልከኝ። የተረፈውን ጎደሬ በሚጥሚጣ በላን። ሰዉ ከጸሎት ሲመለስ እዚያው በረንዳው ላይ ነበርን። በዚያ ሰዓት ነው የጎረቤታችን የጋሽ ኢሳይያስ ቡና፣ ከድንበራችን ማዶ ያለው ደህናው ቡናቸው፣ የቀላው እሸት በሌባ ተለቅሞ ቅርንጫፉ ባዶውን የቀረው።

አንተ የማታውቀው ቅዳሜውን ነው። አማን ሙዝ ልታስጭን ሄደህ ስለነበር አልመጣህም፤ እኔም ማታ ስትመለስ አሸነፍኩ ብዬ ብቻ አለፍኩት።

የቲቸር ብርሃነመስቀልን ነገር መጀመሪያ ላስረዳህ። ክበቡን የሚመራው ነፍሱን ሰጥቶ ነው፤ ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ ዝናቡን ሲረግም የሚውል ሰው፣ የክርክር ቀን ሲደርስ ዝናቡንም ይረሳል። ሕጉ አንድ ነው። ማንም የራሱን ሐሳብ ይዞ አይመጣም። ወረቀት ጠቅልሎ በባርኔጣው ያዞራል፤ ደጋፊ የወጣለት ይደግፋል፣ ተቃዋሚ የወጣለት ይቃወማል። ያመኑበትንማ ማንም ይናገራል፣ አእምሮ የሚሳለው በማያምኑበት ነው ይለናል። ሁለተኛው ትምህርቱ ዳኛም ሰው ነው የሚለው ነው። ቁጥር ብትደረድሩለት ያዛጋል፤ የራሳችሁን ሰው ታሪክ ንገሩት፣ ዕንባ ከመጣም አትከልክሉት ይላል። የራሳችን ሰው ታሪክ ከሌለንስ ብንለው ፈገግ ብሎ ዘመድ የሌለው ሰው የለም አለን። እኛም ፍጠሩ ማለቱ እንደሆነ ገባን።

ውድድሩ በከተማው አዳራሽ ነበር። ርእሱ ስለ ሽምግልና ስለሆነ አንዱ ብልህ ነኝ ባይ ሽማግሌዎቹ በክብር እንግድነት ይጠሩ ብሎ ኖሮ፣ የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ከፊት ወንበር ተደርድረው አገኘኋቸው። ጋሽ ዘካርያስ መሃል ላይ ነበሩ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው። አባዬ ከኋላቸው ተቀምጧል፤ ያንን ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ለእያንዳንዳቸው የታሸገ ውሃ ሰጧቸው። ክርክር ምን እንደሆነ ግን ማንም አላስረዳቸውም። ዕጣውን የምናወጣው ከመድረኩ ጀርባ ስለሆነ ዕጣ መኖሩንም አላዩም።

ጠዋት ደጋፊ ወጣልኝ። አያታችንን አነሳሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፣ ያላት ቁራሽ የቡና መሬት ብቻ ነበር፣ የባሏ ወንድሞች ነጠቋት፣ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪመሽ ሰሟት፣ መሬቷንም መለሱላት አልኩ። አያታችንን መቼም ታውቃታለህ። መሬቴን እወስዳለሁ የሚል ሰው ቢመጣ በገጀራ ነበር የምትሸኘው። መድረክ ላይ ሳወራት ግን ሌላ ሴት ሆነችብኝ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ዕንባዬ መጣ። ሽማግሌዎቹ ጆሮ ለጆሮ ሲንሾካሾኩ አይቼ ተደንቀውብኝ መሰለኝ። በኋላ ነው የሰማሁት፤ ለካ ይህ ነገር የተፈረደው በየትኛው ዘመን ነው፣ ከመካከላችንስ ማን ተቀምጦ ነበር እየተባባሉ ኖሯል።

ከሰዓት ለፍጻሜው ስንደርስ ተቃዋሚ ወጣልኝ። ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም፤ ዮሃና፣ አብራኝ የምትከራከረዋ፣ አያትሽን ድገሚያት እንጂ ማን ያስታውሳል አለችኝ። ደገምኳት። ያቺው አያቴ፣ ያው መሬት፤ አሁን ግን ሽማግሌዎቹ የባሏ ወንድሞች ዘመዶች ሆኑና ቃሏን ገፉባት፣ እሷም በባዶ እግሯ ሚዛን ድረስ ወርዳ ከፍርድ ቤት ፍትሕ አገኘች። ጠዋት ካለቀስኩት በላይ አለቀስኩ። ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ሽማግሌዎች እያየሁ፣ ወደ እነሱ በእጄ እያመለከትኩ ነበር። ዳኞቹ አንደኛ አሉን። ጋሽ ዘካርያስ አላጨበጨቡም፤ ውሃቸውን ሳይከፍቱት ይዘው ወጡ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባዬ ከፊት ከፊት ሄደ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ የዋሸሽው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? እኔ ገና ደስታው አልወጣልኝምና እየሳቅሁ በሁለቱም አልኩት። አባዬ አልሳቀም። መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። ጋሽ ኢሳይያስ ነገሩን ለሽማግሌ አቀረቡ። ያ ልጅ በዚያ እሁድ ከጸሎት ቀርቷል አሉ። የቦት ጫማ ዱካ ወደ እናንተ ግቢ ያመራል አሉ፤ በኅዳር ጭቃ ቦት ጫማ የማያደርግ ሰው ያለ ይመስል። የጥላ ዛፋቸው ቅርንጫፍ ቡናችን ላይ ስለወደቀ በቃላት የተጋጫችሁትንም አነሱ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ስለነበር እኔ ከተቀመጥኩበት ምን እንደሚታይ አላየህም። ልንገርህ።

ምስክር አለህ ወይ ሲሉህ እህቴ አልክ። ተነሳሁ። ሁሉም የሚነጋገረው በቤንችኛ ነው፣ እኔ አፌ በአማርኛ ተከፈተ። የተከበራችሁ ሽማግሌዎች ብዬ ጀመርኩ። ቀኝ እጄ ሳላዘው ደረቴ ላይ ወጣ። አንደኛ አልኩ፣ ሁለተኛ አልኩ። መንቀጥቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ድምፄ በራሱ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ፣ የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ግን እውነትን የምናገርበት ሌላ አነጋገር አልነበረኝም። የጋሽ ዘካርያስን ፊት ሳይ በአዳራሹ እንዳየሁት ነበር።

በቋንቋችን ንገሪን ልጄ አሉኝ፣ በለሆሳስ። በቋንቋችን ስለው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆነ። እሁድ ቤት ነበረ፣ ከእኔ ጋር ነበረ። ሌላ የሚጨመር አጣሁ። እጄን የት እንደማደርገው እንኳ ጠፋኝ።

ከዚያ ጋሽ ዘካርያስ አያትሽ መሬቷን ተነጥቃ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልተነጠቀችም አልኩ። ታዲያ በዚያን ቀን ለማን ነው ያለቀስሽው አሉ። ስለ ዕጣው አስረዳሁ፤ የምንናገረው የሚወጣልንን እንጂ የምናምነውን አይደለም፣ ጨዋታው እንደዚያ ነው አልኩ። ቆም ብለው አሰቡና፣ በክፋትም በፌዝም ሳይሆን ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው፣ ዛሬስ ዕጣው የማን ወጣልሽ አሉኝ። የሳቀ የለም። የማልመልሰው ጥያቄ እንደሌለ ቲቸር ሲያሞካሸኝ ነበር የኖረው።

በእኛ ሰፈር የልጅ ምስክርነት አባት ካልቆመለት እንደማይያዝ ታውቃለህ። ወደ አባዬ ዞረው ለልጅህ ቃል ትቆማለህ ወይ አሉት። አባዬ አልቆመም። ቂም አልያዝኩበትም፤ ለመያዝ ሞክሬ ነበር፣ እንቢ አለኝ። ድልድዩ ላይ የመለስኩለትን አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። ሐሰተኛ ላለመሆን ብሎ ነው የተቀመጠው፣ አባዬ እንደዚያ ነው።

አንተ ያን ጊዜ ቀና ብለህ አየኸኝ። ያ አስተያየትህ ምን ማለት እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በዚያ እሁድ ከእኔ ጋር መሆንህን እኔው ራሴ እንዳልረሳሁት የምታጣራ መሰለኝ። በጉባኤው ፊት ይቅርታ ይጠይቅ፣ እስኪጠይቅም ከጸሎት ቤቱ ኅብረት ይታገድ ተባለ። ያልበላሁትን ዕዳ አልከፍልም አልክ። በማግስቱ ሸዋንግዛው መኪና ላይ ነበርክ፣ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስመለስ አልጋህ ተነጥፎ ነበር። በሕይወትህ አልጋ አንጥፈህ አታውቅም።

ከገና በኋላ ቴፒ ለውድድር ሄድን። አልሄድም ልል ነበር፤ ለማለት ግን ጉልበት ይጠይቃል፣ ሄድኩ። ርእሱ ወጣት በቀዬው ይቆይ ወይስ ርቆ ይሥራ የሚል ነበር፣ ይቆይ የሚለው ወጣልኝ። ተነስቼ የአንተን ታሪክ ተናገርኩ። ስምህን አልጠራሁም። ሳይሰርቅ ሌባ የተባለ ወንድም አለኝ አልኩ፣ የሆነውን እንደሆነው አወራሁ፣ የሚመሰክርለት አንድ ሰው ብቻ እንደነበረና እሷም ስለማትታመን እንደሄደ ተናገርኩ። እጄ ከጎኔ አልተነሳም፣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ አንድ ጠብታ ዕንባ አልወጣኝም። የገበያ ዕቃ የምቆጥር ነበር የምመስለው። ከዳኞቹ አንዷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። አዳራሹ ሁሉ አለቀሰ ብልህ ውሸት አይሆንብኝም።

አሸነፍን። በመልሱ ጉዞ ቲቸር ብርሃነመስቀል ከአጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ያንን ከየት አመጣሽው አለኝ። ከአያትሽ በብዙ ይበልጣል፣ ያለ ዕንባ መናገርሽ ደግሞ ትልቅ ብልሃት ነው፣ ለሌሎቹም አስተምሪልኝ አለ። ወንድሜ ነው አልኩት። ጎበዝ፣ እንደዚያ ነው የፈጠሩትን ማመን ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የቀረውን መንገድ በመስኮት ጫካውን ሳይ መጣሁ። ልናደድ የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር፤ ንዴቱን ጠበቅሁት፣ አልመጣም።

አሁን ወደ ሰሞኑ ልምጣ፤ የጻፍኩልህም ለዚህ ነው።

ቲቶን ታስታውሰዋለህ፣ የጋሽ ኢሳይያስን ልጅ፣ ጸሎት ቤት ኪቦርድ የሚመታውን። በድንገት ወደ ማጂ፣ አጎቱ ዘንድ ተላከ። ትምህርቱን ከመሃል አቋርጦ፣ መዘምራኑን ሳይሰናበት። ለምን እንደሄደ የተናገረ የለም፤ ኪቦርዱ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ከሄደ በኋላ ጋሽ ኢሳይያስ ራሳቸው አንድ ባልዲ ነጭ ማር ተሸክመው ቤታችን መጡ። እሳቸው ዕቃ የሚልኩት በልጅ ነው እንጂ ራሳቸው ሲሸከሙ አይቼ አላውቅም። ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ቡናው ዋጋ አወሩ፣ ባዶ የቀረውን ቡና አላነሱም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው የልጃችሁ ወሬ ይሰማል ወይ አሉ። አባዬ አልተሰማም አለ። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። እማዬ ባልዲውን ከወጥ ቤት አውጥታ ዶሮዎቹ ከሚያድሩበት ጎን አስቀመጠችው። እስካሁን አልተከፈተም።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ጋሽ ዘካርያስ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ነገር ሲበርድ ጥሩ ነው አሉ። ልጁ ይመለስ፣ ይቅርታ መጠየቁም ይቅር፣ እገዳውም ይነሳለታል አሉ። እማዬ ከወጥ ቤቱ በር ሆና ምን ተገኘ ብላ ጠየቀች። በሽማግሌ ፊት ድምጿን ስታሰማ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ዘካርያስ ወደ እሷ ሳይዞሩ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፣ አብረን ነው የምንኖረው አሉ። እማዬም አንድ ጊዜ ደግማ ምን ተገኘ አለች። ማንም አልመለሰላትም፣ ተመልሳ ገባች። አባዬ እጁን ሲያፍተለትል ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ አንተ አለመስረቅህን ያወቀው እዚያው ተቀምጦ ሳለ ነው። በዚያን ዕለት ስላልቆመልኝ እግሮቹ አሁን ሊነሱ ፈልገው እንደሆነ ተነስቶ በር ድረስ ሄደና ተመለሰ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አንቺ ንግግር ታውቂያለሽ አሉኝ፤ ስልኩ ስለማይሠራ ደብዳቤ ጻፊለት፣ ከአንቺ የተሻለ የሚጽፍ የለም፣ እንዲመጣ አድርገሽ ጻፊው። ስለ ቲቶ አታንሺ፣ ስለ ማሩም አታንሺ፣ የጎረቤትን ቤት ማፍረስ ነው አሉ። እናታችን ታማለች፣ ስምህን እየጠራች ነው በይው፤ እናቱ ታማ የማይመጣ ልጅ የለም አሉኝ። አየህ፣ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮቼን ያላመኑ ሰዎች በዚህኛው ችሎታዬ ጥርጣሬ የላቸውም። አባዬን አየሁት። ልጄ ይምጣልኝ እንጂ እንዴትም ይምጣ አለ።

ታዛዥ ነኝ፣ ጻፍኩት። ከትምህርት ቤት መልስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አንድ ወረቀት ሙሉ ጻፍኩ። እማዬን አስተኛኋት፣ አከሳኋት፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና አደረግኋት። የአንተን ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ምናልባት ሳትደርስ ብዬ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ተውኩት፤ ቲቸር እንዲህ ያለውን ነው የሚወደው። እስከ ዛሬ ከተናገርኩት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ብታነበው ኖሮ ጫማህን ሳታስር ትነሳ ነበር። ጨርሼ ሳነበው ዕንባዬ ሊመጣ ሆነ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ከሄድክ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ፍርሃት ነው። ወረቀቱን ቀደድኩትና ይህን ጀመርኩ።

አባዬ ሳያየው ለሸዋንግዛው እሰጠዋለሁ። ቲቶ ማጂ ነው፣ አባቱ ማር ተሸክመው መጥተዋል፣ ሽማግሌዎቹ ለእማዬ ጥያቄ መልስ አልሰጡም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ብትመጣ የሚቀበሉህ ጥፋት እንደሌለብህ አውቀው ነው፤ ነገር ግን በጉባኤ ፊት ቆሞ ጥፋት የለበትም የሚልልህ የለም። ጋሽ ኢሳይያስ ሰላም ይሉሃል፣ አንተም ሰላም ትላቸዋለህ፣ እንዲህ ሆኖ ሊኖር ነው የታሰበው። ይህን ትችለው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ብሆን እችለው እንደሆነም አላውቅም። ና ብዬ ልጽፍልህ እችላለሁ፣ አትምጣ ብዬም እንደዚያው አሳምሬ ልጽፍልህ እችላለሁ፤ ለዚህ ነው ሁለቱንም የተውኩት።

ጌታ በወጣህበት በገባህበት ይከተልህ። የምትበላው አይጉደልብህ፣ የምታምነው ሰው አይጥፋብህ። ያገኘኸውን ደግ ሰው ጌታ ዕድሜውን ያርዝምልኝ። ሸዋንግዛው ሲመለስ አንዲት መስመርም ቢሆን ላክልኝ።

እማዬ አልታመመችም። ይህን ስጽፍ ግቢ ውስጥ የታጠበ ልብስ እያሰጣች ነው፤ ሸሚዝህን ማንም ሳይለብሰው በየሳምንቱ ታጥበዋለች። ከመጣህ ግን ደህና መሆኗን አውቀህ ና።

ታናሽ እህትህ